መሐሉ የከሳ ሻርፕ

ከግድግዳዬ ማዶ የምትኖረውን ሴት ሰፈሩ ሁሉ «ጠሪዋ» ይላታል። የምትሠራው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው፤ በመስኮቷ ተቀምጣ ተራው የደረሰውን በሽተኛ ስም ትጠራለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርታለች። ድምፅዋ ማጉያ አያሻውም፤ ከመስኮቷ ይነሣና በረጅሙ ኮሪደር አልፎ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን ሰው ያስነሣል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ለጉልበቴ ሄጄ፣ ወረፋው ሲረዝምብኝ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ስሜን ከነአባቴ ስትጠራው አባቴ ከመቃብር የጠራኝ መስሎኝ «አቤት አባባ!» ብዬ ብድግ አልኩ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጅ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «አባባ ደህና ናቸው?» ትለኛለች።

እናቷን ከቀበረች ሦስት ዓመቷ ነው። አንዲት ልጇ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ስለዚህ ከሥራ መልስ ቤቷ ብትገባም ባትገባም አንድ ነው፤ ቦርሳዋን እንደያዘች እኔ ዘንድ ትመጣለች።

የመስኮቷ መስታወት መሐሉ ላይ ለመነጋገሪያ ክብ ሆኖ ተቀዷል። በዚያ ቀዳዳ የኮሪደሩ ነፋስ እየገባ በቀጥታ አንገቷ ላይ ያርፋል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «አንገቴ ላይ አንድ ነገር ጣል ማድረግ ነበረብኝ» እያለች ኖረች። እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ሆና ሳለ፣ ለአራስ ክፍል ሕፃናት ኮፍያ፣ ለልጇ ሹራብ፣ ለእኔ የጉልበት መጠቅለያ ስትሠራ፣ ለራሷ ግን መርፌ አንሥታ አታውቅም። «ለሰው ጥላ፣ ለራሷ ፀሐይ» እላት ነበር።

አንድ ቀን እንደ ርግብ ላባ ግራጫ የሆነ ቀጭን ክር ይዛ መጣች።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ለእኔ።»

«ለማን?»

«ለራሴ ነው አልኩ እኮ እማማ! ወንጀል አደረጉት እንዴ?»

አንዲት ነርስ በምሳ ሰዓት አሠራሩን ነግራት፣ እሷ ደግሞ በማይሠራበት ፎርም ጀርባ ላይ በዚያ በካርድ ክፍል ጽሕፈቷ፣ መስመር በመስመር ጽፋው ነበር። ቀላል ዳንቴል ነው። በመርፌው ላይ አርባ ሁለት ቀለበት ትጭናለች። ሁለቱን ቀለበት አንድ ላይ ትሠራቸውና አንዱን ታጠፋለች፤ ወዲያው ክሩን በመርፌው ላይ ጣል አድርጋ በጠፋው ፈንታ አዲስ ታበቅላለች። በተጣለው ክር ሥር ትንሽ ቀዳዳ ይቀራል። ቀዳዳው በየመስመሩ ሲደጋገም ዳንቴል ይሆናል። የጠፋው ሁሉ ስለሚተካ ስፋቱ አይለወጥም። ተመላሹ መስመር ልሙጥ ነው።

ወረቀቱንም ቀለበቱንም አንድ ላይ ስታይ ቁጥሩ ይጠፋባታል። ስለዚህ ጀምበር ሳትጠልቅ በመስኮቴ ሥር እንቀመጥና እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትሠራለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከስልሳ ዓመቴ በኋላ ነው፤ ንባቤ ገና እንደ አዲስ ጫማ ይይዘኛል።

«ሦስት... ል... ሙጥ። ሁለቱን... አን... ድ ላይ።»

«እማማ፣ እርስዎ አንዱን መስመር እስኪጨርሱ ሻርፑ ያረጅብኛል።»

«አርፈሽ ሥሪ። ክር ጣይ።»

«ሳይሉኝ በፊት ጥያለሁ!»

በአራተኛው ቀን አንድ ስንዝር ያህል ሆነ። ከነመርፌው አንሥታ አንገቷ ላይ ለካችው። በሌላው እጇ ጫፉን ይዛ ስታስተካክለው ጣቷ ከጉሮሮዋ በስተግራ፣ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቆመና ቀረ። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ዓይኖቿ ብቻ ተለወጡ።

«ምነው?» አልኳት።

ምራቋን ዋጠች። እንደገና ዋጠች። «ይንኩኝ እስቲ» አለችኝ።

ነካኋት። ከቆዳዋ ሥር ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ነበረች። ስትውጥ አብራ ትወጣለች፣ አብራ ትወርዳለች።

ደግ ነገር ልናገር ፈልጌ አፌ ውስጥ ያገኘሁት «ብርድ ይሆናል» የሚለውን ብቻ ነው። ብርድ እንዳልሆነ እኔም አውቄያለሁ፣ እሷም አውቃለች።

በማግስቱ እስከ አገጯ የሚደርስ ሹራብ ለብሳ ወደ ሥራ ሄደች። በሳምንቱ «ተመርምሬያለሁ» አለችኝ። ቀጭን መርፌ አስገብተው ከእብጠቷ ትንሽ ቀድተው ወስደዋል፤ ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይመጣል ተብላለች። ለልጇ እንዳልነግር አስማለችኝ። «ፈተና ላይ ናት። ደግሞ ምን ብዬ ነው? ገና ምኑም ያልታወቀ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ሳምንት ይጠብቅና ያልቃል። እሷ ግን የምትጠብቀው ካርድ ክፍል ተቀምጣ ነው። የሰው ሁሉ ውጤት በእሷ መስኮት ያልፋል። ማን ስቆ እንደወጣ፣ ማን ግድግዳ ይዞ እንደወጣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አይታለች። «ካርዱ የወፈረ፣ ዕድሜው የቀጠነ» ይላሉ የካርድ ክፍል ሠራተኞች እርስ በርሳቸው ሲቀልዱ። አሁን ቀልዱ እሷን ይዞ ይወዘውዛት ጀመር። አንድ ሰው ሲጠራ ቶሎ ካልተነሣ ልቧ ይመታል። አንድ ካርድ ከወትሮው ከብዶ መስኮቷ ላይ ከተቀመጠ የራሷ ይመስላታል።

«ዛሬ መጣ?» እላታለሁ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«አልመጣም።»

ሁለተኛው ሳምንት አለፈ። ሦስተኛው አለፈ። «ያልመጣው ደግ ቢሆን ነው» ትለኛለች አንድ ቀን። «ክፉ ቢሆን በሩጫ ይጠሩኝ ነበር።» በማግስቱ ደግሞ ከንፈሯ ነጥቶ ትመጣለች። «ያልመጣው ክፉ ቢሆን ነው። ደግመው እያዩት ነው። ደግ ነገር ሁለቴ አይታይም።» ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የምትለው፤ እኔም ለሁለቱም ራሴን እነቀንቃለሁ።

መርፌዎቿ ግን አልቆሙም። ታች፣ ላይ፣ ታች፣ ላይ። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትሠራለች። መጀመሪያ ክሩ ዘና ብሎ ቀዳዳዎቹ እንደ ዝናብ ጠብታ ክብ ክብ ነበሩ። ቀስ በቀስ እየጠበቁ ሄዱ። ክሩን ጣቷ ላይ ስትጠቀልለው ጣቷ ደም እስኪያጣ ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። እኔ «ክር ጣይ» ስላት «እሺ» ትላለች፣ ግን አትጥልም። ሁለቱን አንድ ታደርጋለች፣ አንዱን ታጠፋለች፣ በፈንታው አታበቅልም። በመስመሩ መጨረሻ አንድ ቀለበት ይጎድላል። በሌላው መስመር ሌላ። በሆዴ ቆጠርኳቸው፦ አርባ ሁለት የነበረው ሠላሳ ሦስት ገብቷል። ሻርፑ መሐሉ ላይ እንደ ሰው ከስቷል።

ልነግራት አሰብኩ። ከዚያ እጇን አየሁት። መርፌውን እንደ ምርኩዝ ጨብጦታል። ተውኩት። የክር ነገር ነው፣ ይከሳ።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ ነው ሌላው ነገር የታየው። ሻይ ልታፈላ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ወረቀቱን አንሥቼ የት እንደደረስን ስፈልግ፣ ከመታጠፊያው ውስጥ ትንሽ ወረቀት ወደቀች። የተረፈው መስመር መሰለኝና አንሥቼ ማንበብ ጀመርኩ። እኔ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር። ስም ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ ይዤ ሄድኩ። ስሙ ሲሞላ እጄ ላይ ያለው ወረቀት የቀዘቀዘ መሰለኝ።

የእናቷ ስም ነበር። ከነአባቷ፣ ከነአያቷ። ያቺ እኔ ራሴ ዓይኗን የከደንኩላት ሴት። ከሥሩ የቀጠሮ ቀን አለ፤ ቀኑ የዚህ ዓመት ነው። ዕድሜ፦ አርባ አራት።

ብርጭቆ ይዛ ወጣች። ወረቀቱን እጄ ላይ አየችው። ሻዩን ሳታፈስ አስቀመጠች፤ ቀስ ብላ።

«እናትሽ በዚህ ዓመት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት እንዴ?» አልኳት። እንደ ቀልድ ልለው ነበር፤ እንደ ቀልድ አልወጣም።

«እማማ...»

«ንገሪኝ።»

ተቀመጠች። «ካርድ ክፍል ውስጥ ምስጢር የለም» አለች። «በስሜ ካርድ ባወጣ፣ እኔ ሐኪሟ ዘንድ ሳልደርስ ወሬው ይደርሳል። ጠሪዋን ያ በሽታ ያዛት ይላሉ። ሲያዩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ አውቀዋለሁ፤ እኔ ራሴ ለስንቱ ዝቅ አድርጌያለሁ። በሌላ ስም ካርድ ራሴ ጻፍኩና ጋዋኔን አውልቄ እንደ ማንም ሰው ገባሁ። ዶክተሯ አዲስ ናት፤ አታውቀኝም።»

«ታዲያ ሌላ ስም ጠፋ? የሞተች ሴት ስም?»

«ፎርሙ ፊቴ ነው፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ስም የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ የመጣልኝ እሷ ናት። በልጅነቴ ስፈራ እማዬ እል አልነበር?»

ከዚህ በኋላ ልቆጣት አልቻልኩም።

«ውጤቱስ?» አልኳት። «ሰባት ሳምንት ሙሉ ለምን አልጠየቅሽም?»

«ማንን? የማንን ልበል? ውጤት ሲመጣ ካርድ የሚያወጣው ሽማግሌ፣ ጋሽ መደርደሪያ፣ ካርዱ ውስጥ ያስገባና ካርዱን ለእኔ ያመጣል፤ እኔ እጠራለሁ። የእሷን አላመጣም። ካርዱ ያለበት መደርደሪያ ጋ ስደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማልፈው።»

«ነገ አብሬሽ እመጣለሁ።»

«አይሆንም።»

«ጉልበቴን አመመኝ፤ ማን ሊከለክለኝ ነው?»

በማለዳ ሄድን። ካርድ ክፍሉ ከውጭ እንደሚታየው አይደለም፤ ጠባብና ረጅም ነው፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ካርድ የሞላበት የብረት መደርደሪያ በግራም በቀኝም ቆሟል። የወረቀት አቧራ ጉሮሮ ይይዛል። ጋሽ መደርደሪያ የሚሉት ሰው ጡረታው የተቃረበ፣ መሰላል ላይ ካልሆነ በቀር ተቀምጦ የማይታይ ሽማግሌ ነው። ሃያ ሺህ ካርድ በስም ያውቃል ይባላል።

እሷ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው መደርደሪያ ሄደች። ጣቷን በካርዶቹ ጀርባ ላይ አስኬደች። ተመልሳ አስኬደች። ከዚያ አንድ በአንድ እያወጣች ታይ ጀመር፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ እየፈጠነች፣ ከዚያ እየጣለች።

«የለም» አለች። «ካርዱ ራሱ የለም። እማማ፣ የለሁም።»

ጋሽ መደርደሪያ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ? ለእኔ ንገሪኝ እንጂ፤ ካርዶቼን እንደ ዶሮ አትበትኛቸው» አላት።

ስሙን ከተናገረች ሁሉም ይታወቃል፣ ካልተናገረች ካርዱ አይገኝም። እጄን ጀርባዋ ላይ አደረግኩ።

የእናቷን ስም ተናገረች።

ሽማግሌው ከመሰላሉ ወረደ። ፊቱ ተጨነቀ እንጂ አልገረመውም። «አየሽው እንዴ?» አለ። «ወይ ጉድ! እንዳታዪው ብዬ ነበር እኮ የደበቅኩት።»

«የት ነው?»

«ታች አወረድኩት። ከሞቱት ጋር።» እጆቹን በጋዋኑ ይጠርጋል። «ከወር በፊት ውጤት መጣ በስሟ። እንዴ፣ እኚህ ሴት አርፈዋል አልኩ። መዝገቡን አየሁ፤ አዎ፣ አርፈዋል። ከሕያዋን መደርደሪያ ላይ ምን ይሠራሉ? አንዱ ጀማሪ ተሳስቶ መሆን አለበት አልኩ። አንቺ መስኮት ላይ ቢደርስ ሳታስቢው ትጠሪዋለሽ። የእናትሽን ስም፣ በዚያ ድምፅ፣ ሰው ሁሉ ፊት! ማን ሊነሣልሽ ነው? ልብሽ ይሰበራል ብዬ... ውጤቱን ከውስጡ አድርጌ አወረድኩት።»

«ዕድሜውን አላዩትም ጋሼ?»

«ዕድሜ ማን ያያል ልጄ? እኔ ስም ነው የማየው።»

ወደ ምድር ቤቱ የሚወርደው ደረጃ ጠባብ ነው። እሷ ሁለተኛው እርከን ላይ ቆመችና ከዚያ ወዲያ እግሯ እንቢ አለ። «እኔ እዚያ አልገባም» አለች። «እማማ፣ በሕይወቴ አልገባም።» ጉልበቴን ይዤ ከሽማግሌው ጋር የወረድኩት እኔ ነኝ። አምፖሉ አንድ ብቻ ነው። ካርዶቹ እንደ ላይኞቹ ናቸው፤ ያው ቀለም፣ ያው ቁጥር። የሚጠራቸው ሰው ብቻ የለም። ጋሽ መደርደሪያ አንድም ጊዜ ሳይሳሳት እጁን ሰደደና ሁለት ካርድ አወጣ፤ አንዱ ያረጀና የወፈረ፣ አንዱ አዲስና ቀጭን። በአንድ ላስቲክ አስሯቸዋል። እናትና ልጅ ጎን ለጎን አስተኝቷቸው ነበር።

አዲሱን ፈትቶ ሰጠኝ። ውጤቱ በሐኪም ቋንቋ ነው፤ አልገባኝም። እኔ ያነበብኩት ከላይ በቀይ የተመታውን ማኅተም ነው። «በ... አስ... ቸ... ኳይ።» ከሥሩ ያለው ቀን የዛሬ ሠላሳ አንድ ቀን ነው።

ደረጃውን ስወጣ ፊቴን ልለውጥ ሞከርኩ። እሷ ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ፊት ያነበበች ሴት ናት። ወረቀቱን አላየችም፤ እኔን ብቻ አየችና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሽ» አልኳት። «ከዚህ ቦታ ተነሽ። ይህ መቀመጫሽ አይደለም።»

ጋሽ መደርደሪያ አሁን ነው የገባው። ካርዱን አየ፣ እሷን አየ፣ አርባ አራት የሚለውን አየ። «አንቺ ነሽ?» አለ። «እኔ ነኝ ወር ሙሉ...?» አልጨረሰውም። ግድግዳውን ያዘ።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፤ ረጋ ያለች። ውጤቱን አንብባ ቀኑን ስታይ ፊቷ ጨለመ። «የት ነበሩ? ስልክ እንኳ ደውለን ነበር» አለች። የተጻፈው ስልክ እናቷ ትይዘው የነበረው ነው፤ ከሞተች ጀምሮ ተዘግቷል። «ይህ ስም የማን ነው?»

«የእናቴ። ሞታለች።» ቀጥሎ ሁሉንም ነገረቻት፤ በዚያ ኮሪደር በሚያናውጽ ድምፅ ሳይሆን እንደ ሕፃን።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣን ይሻለን ነበር። «ክፉው ዓይነት ነው» አለች። «ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። ከዚያ ቦታ ወጥቶ እንደሆነ ሳልከፍት አላውቅም። ሐሙስ እናወጣዋለን። የድምፅ ነርቭ አጠገቡ ያልፋል፤ እንጠነቀቃለን፣ ግን ቃል አልገባም። በሞተ ሰው ስም ደግሞ ቢላ አላነሣም። ይውረዱና በስምዎ ካርድ ያውጡ።»

ወርደን እንደማንም ሰው ተሰለፍን። የእሷ መስኮት ላይ ተክታት የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ ፎርሙን ስባ፣ ቀና ሳትል፣ «ስም?» አለች።

ጠሪዋ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ይህን ጥያቄ ስንት ሺህ ጊዜ ጠይቃው ይሆን? ከኋላችን አንድ ሰው «ቶሎ በሏ እቴ፣ የሰርግ ጥሪ ነው እንዴ?» አለ።

ባልደረባዋ ቀና አለች። «አንቺ ነሽ እንዴ? ተይ አትቀልጂ፣ ወረፋው አልቆልኛል መሰለሽ?»

«እየቀለድኩ አይደለም» አለች። ከዚያ ስሟን ተናገረች። የራሷን፣ የአባቷን፣ የአያቷን። የባልደረባዋ እስክሪብቶ ቆመ። ከዚያ ያቺ ሴት ዓይኗን በክንዷ ጠራርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ «ዕድሜ?» አለች።

ያን ቀን ማታ ለልጇ ደወለች። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ በግድግዳው በኩል የሰማሁት «አታልቅሺ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ።

ሐሙስ ዕለት ሲያስገቧት እጄን እስከ በሩ ይዛኝ ነበር። መዳፏ እንደ በረዶ። «እማማ፣ ሻርፑን እንዳይነኩት» አለችኝ። «ያበላሹብኛል።» ከዚያ በሩ ተዘጋ። ልጇ ከመኪና እንደወረደች ነበር፤ ቦርሳዋን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። አራት ሰዓት ያህል ጠበቅን። አንድ በር በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም እንነሣለን፤ ሲዘጋ እንቀመጣለን። ጋሽ መደርደሪያ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ና ተቀመጥ ብለው እንቢ አለኝ። «እኔ መቀመጥ አይገባኝም» አለ።

ዶክተሯ ወጣች። እብጠቱ ወጥቷል። ከአንገቷ ወደ ሌላ ቦታ የሄደ አልታየም። «ግን» አለች፤ እኔ ይህን ቃል ስሰማ ሁልጊዜ ወለሉ ይከዳኛል። «ግን ነርቩን ነክቶት ነበር። ድምፅዋ እስኪመለስ ይቆያል። ምናልባት እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። በየሦስት ወሩ እናያታለን።»

በዐሥረኛው ቀን መርፌዎቹን አነሣች። ድምፅዋ ቅጠል በቅጠል ላይ ሲሄድ ይመስላል፤ ለመስማት ወደ አፏ መጠጋት አለብኝ። ሻርፑን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችው። መሐሉን በጣቷ ለካች። ቀለበቱን ቆጠረች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«እና ዝም አሉኝ?»

«መቼ ልተንፍስ? ንባቤን አቋርጬ?»

ሳቀች፤ ሳቋ ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። «ከስቷል እኮ» አለች። «ክፉኛ ነው የከሳው።» ልፈታውና እንደገና ልሥራው ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አልፈታችውም። ከሠላሳ ሦስቱ ላይ ጀመረች፤ በየመስመሩ አንድ ክር ትርፍ እየጣለች ቀስ በቀስ አሰፋችው። እኔ አነበብኩ። እሷ አሁን ንባቤ ሲጎተት አትቀልድም፤ መናገር ያደክማታል። ሲያልቅ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ጠባሳው በቀዳዳዎቹ መሐል ትንሽ ትንሽ ይታያል።

በሦስተኛው ወር ለምርመራ ሄድን። ከበሽተኞቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። የሻርፑን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። «አንድ ነገር ቢያገኙስ?» አለችኝ በዚያ ሹክሹክታዋ። «አሁን ለመጮኽ እንኳ ድምፅ የለኝም።» ያ ፍርሃት በሐሙሱ ቀን አልተቆረጠም፤ ዶክተሯ የነካችው አንገቷን እንጂ ሆዷን አይደለም። እኔም ፈርቼ ነበር። ያቺን የሐኪሟን ትንሽ ክፍል ከሩቅ ስመለከት በሩ ሰው የሚበላ ነገር ይመስለኛል።

በመስኮቱ ያለችው አዲስ የተቀጠረች ሴት ጠራች። ስሟን፣ የአባቷን ስም።

ጠሪዋ ተነሣች። «አቤት» አለች፤ ከከንፈሯ አላለፈም። ሴትዮዋ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየች። እንደገና ጠራች። እሷ እጇን አነሣች፤ ሰው ሞልቷል፣ ማንም አላያትም። «የለችም?» አለች ሴትዮዋ፤ ካርዱን ወደ ጎን ልታስቀምጠው እጇን ዘረጋች።

በእነዚህ ጉልበቶች እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ድምፅ ነበረኝ ብዬም አላውቅም።

«አለች!» ብዬ ጮህኩ። «አለች! እዚህ ናት! አታስቀምጪው!»

ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ። ክንዷን ያዝኩና በሰው መሐል እየገፋሁ ወደ በሩ ወሰድኳት። በሩ ላይ ስንደርስ እጇን አልለቀቅኩም፤ አብረን ገባን።